አሪቲ በወንዶች ሽቶ ውስጥ፦ መራራውን የምትወዱ አላችሁ?

መራራ ቅጠል (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሽቶ ለመግዛት በገባሁ ቁጥር ጣፋጩን፣ ቫኒላውን፣ «የባሕር ነፋስ» የሚሉትን ሁሉ አልፌ እጄ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ አሪቲ ያለበት ጠርሙስ ላይ። የሽቶ ሰዎች አርቴሚዥያ ይሉታል። የአሪቲ ቅጠል በሁለት ጣቶቹ መካከል ፈትጎ ያሸተተ ሰው የምለው ይገባዋል። መጀመሪያ አፍንጫን ገፋ የሚያደርግ ቅዝቃዜ ይመጣል። ቀጥሎ ምላስ ሳይነካው ምሬቱ ይታወቃል። መጨረሻ ላይ ጣት ላይ የሚቀረው ደረቅ፣ አመድማ፣ ግን ንጹሕ የሆነ ነገር ነው።

የያዘኝ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሊፍት ውስጥ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ከእኔ በፊት ወረዱ፤ ጠረናቸው ግን አልወረደም። ቆዳ ይሸታል፣ ደረቅ ቅጠል ይሸታል፣ ትንሽም ቁጣ ያለበት ይመስላል። «እዩኝ፣ ቅረቡኝ» አይልም። እኔ መውረድ ከነበረብኝ ፎቅ ሁለት ፎቅ አልፌ ነቃሁ። በኋላ ስፈልግ ስፈልግ አራሚስ የሚባል ሽቶ መሆኑን ደረስኩበት።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ የምወደው ምሬት በቆዳዬ ላይ ሃያ ደቂቃ አይቆይም። ሽቶው እስከ ማታ ይኖራል፣ አሪቲው ግን ገና ከቤት ሳልወጣ ሄዷል። ሁለተኛ፣ አዳዲሶቹ ሽቶዎች ውስጥ ለምን ጠፋ? ወይስ አፍንጫዬ ነው ያረጀው?

ሐምራዊ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

የመድረክ ስምህን ካየሁበት ቀን ጀምሮ ይህን ክር ስጠብቅ ነበር!

እኔ የላቬንደር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አድልዎ አለብኝ። የወንዶች ሽቶ የሚባለው ነገር ግማሹ የቆመው በላቬንደር ትከሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ፖል ፓርኬ ለኡቢጋ ቤት ፉዤር ሮያልን ሲቀምም ላቬንደርን ድርቆሽ ድርቆሽ ከሚሸተው ኩማሪን ከሚባል ንጥረ ነገርና በኦክ ዛፍ ላይ ከሚበቅለው የዛፍ ሽበት ጋር አጣመረ። «ፉዤር» ፈርን የተባለው ተክል ነው፤ ፈርን ደግሞ ይህ ነው የሚባል መዓዛ የለውም። ሰውየው የሌለ ጠረን ፈጠረ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት ወንዶች ሁሉ የሌለውን ጠረን ተቀብተው ኖሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አሪቲ እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ያኮርፋል፣ ይሄዳል።

ንጹሕ ሸሚዝ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ሽቶ የምረጨው ሰው እንዲርቀኝ አይደለም። ባለፈው ወር ከእነዚህ አንዱን ተቀብቼ ሥራ ገባሁ። ጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ «አሞህ ነው እንዴ? የሆነ ነገር ታጥነህ የመጣህ ትመስላለህ» አለችኝ። ማታ ጠርሙሱን ለወንድሜ ሰጠሁት። ንጹሕ ውሃና የታጠበ ሸሚዝ ቢሸት ምን ይጎድለዋል? ሽቶ ደስ እንዲል እንጂ እንዲከራከር አይደለም የተሠራው።

መራራ ቅጠል (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ንጹሕ ሸሚዝ፣ ልዩነታችን እዚሁ ላይ ነው። እኔ የሚከራከረውን ነው የምወደው። ደስ የሚል ብቻ የሆነ ሽቶ በሦስተኛው ቀን አይሰማኝም። አሪቲ ያለበትን ግን ጠዋት ጠዋት ስረጨው «ዛሬ ደግሞ ምን ልትል ነው?» እላለሁ። ወንድምህ እንዴት አገኘው?

ንጹሕ ሸሚዝ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡24)

ወዶታል። ያ ነው የሚያናድደኝ።

አሮጌ ጠርሙስ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

ልጆች፣ ሌሊቱን ስትጨዋወቱ አድራችኋል፤ እኔ ዘግይቼ ደረስኩ።

ሊፍት ውስጥ ያገኘኸው አራሚስ በርናር ሻን የቀመመው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የወጣ ሽቶ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት በ1959 ለግሬ ቤት ካቦሻርን ሠርቶ ነበር። ካቦሻር የሴቶች ነው፤ ቆዳና መራራ ቅጠል ነው ዋና ነገሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሸተተ ሰው እህትና ወንድም መሆናቸውን ለማወቅ አይቸገርም። ስለዚህ አሪቲ ወደ ወንዶቹ ጠርሙስ የመጣው ከሴቶቹ በኩል ነው ብል እውነቱን አልርቅም። ሊፍት ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደሆን እንጃ።

የአሪቲ ደጉ ዘመን ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1978 ካርሎስ ቤናይም ለራልፍ ሎረን የሠራው ፖሎ አለ። አረንጓዴውን ጠርሙስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጥድ፣ ትምባሆ፣ በሶብላ፣ አሪቲ ሁሉንም በአንድ ላይ የወረወረ ሽቶ ነው። በ1981 ኩሮስ መጣ፣ በ1982 ድራካር ኗር። በዚያን ጊዜ አንድ ወንድ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ጠረኑ ቀድሞት ይገባ ነበር፤ ማንም አላፈረበትም።

ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሱ ከዚሁ ነው የሚጀምረው። ድራካር ኗርን የሠራው ፒየር ቫርኜ ዳይሃይድሮሚርሴኖል የሚባል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር በብዛት አስገባበት፤ ከቅመሙ አንድ አሥረኛ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ነገር የልብስ ሳሙና፣ የሎሚ ልጣጭና ቀዝቃዛ ብረት አንድ ላይ እንደማለት ነው የሚሸተው። ከዚያ በ1988 ኩል ዋተር መጣ፤ ያው ንጥረ ነገር እዚያ ጌታ ሆነ። ኩል ዋተርን የቀመመው ማን ነው? ፒየር ቡርዶን። ኩሮስን የሠራው ያው ሰውዬ! በሰባት ዓመት ልዩነት አንድ እጅ ጫካውንም ገንዳውንም ሠራ። ገዢው ወደ ገንዳው ሄደ።

አፍንጫህ አላረጀም። የተለወጠው ፋሽኑ ነው።

መራራ ቅጠል (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ኩሮስና ኩል ዋተር ከአንድ እጅ መውጣታቸውን ሳላውቅ ሁለቱንም መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ኖሬአለሁ። አንዱን እወደዋለሁ፣ ሌላውን ስጦታ ስለሆነ አልጣልኩትም።

ጥያቄ አለኝ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10)

ለዚህ ዓለም አዲስ ነኝ። ጥያቄዬ የሚያስቅ ከሆነ ይቅርታ። ሽቶው ውስጥ ያለው አሪቲ እኛ የምናውቀው አሪቲ ነው? ማለቴ ቅጠሉ ራሱ ተጨምቆ ነው የሚገባው? ሌላም ነገር፤ የሽቶ ሰዎች «ኖታ» የሚሉት የሙዚቃውን ነው?

ቤተ ሙከራ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ምንም አያስቅም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው እሱ ነው።

ስለ ኖታ፦ አዎ፣ ቃሉ ከሙዚቃ የተወሰደ ነው። ሽቶ ሲረጭ ቀድሞ የሚሰማውንና ፈጥኖ የሚተነውን የላይኛው ኖታ ይሉታል። ከሱ በኋላ የሚመጣው የመካከለኛው ነው። ማታ ሸሚዝ ስታወልቅ አንገትጌው ላይ የምታገኘው የታችኛው ነው።

ስለ አሪቲ፦ አርቴሚዥያ የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ የብዙ መቶ ተክሎች ወገን ነው። በአማርኛም አሪቲና ጭቁኝ የሚባሉት የዚህ ወገን ናቸው። ታራጎን የሚባለው ቅጠል አርቴሚዥያ ነው። ዳቫና የሚባለው፣ ሕንድ ውስጥ የሚመረተውና የደረቀ ፍራፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ዘይት የሚወጣው፣ እሱም አርቴሚዥያ ነው። ለወባ መድኃኒት የሚሆነው አርቴሚሲኒን የሚገኘው ከአርቴሚዥያ አኑዋ ነው፤ እሱን ያገኙት ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ሽቶ ቀማሚዎች «አርሟዝ» ብለው የሚጠቀሙበት ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ ከሞሮኮ የሚመጣ፣ በረሃማ መሬት ላይ ከሚበቅል ግራጫ ቁጥቋጦ በእንፋሎት የሚወጣ ነው። እናንተ ከምትፈትጉት ቅጠል ጋር የአጎት ልጆች ናቸው። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ሃያ ደቂቃው። በአርሟዝ ዘይት ውስጥ ያንን ቅዝቃዜና ምሬት የሚሰጡት በዋናነት ቱጆንና ካምፎር ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ከ10 ካርቦን፣ ከ16 ሃይድሮጅንና ከ1 ኦክስጅን ነው። በቁጥር አንድ ናቸው፣ የተለያዩት በአደራደራቸው ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ሁለቱም የሚፈሉት በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ቆዳ ላይ ሲያርፉ ፈጥነው ይተናሉ። ሐምራዊ የጠቀሰችው ኩማሪን የሚፈላው 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እሱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ አሪቲው ጥሎህ አልሄደም፤ ሥራው መክፈት ነበር፣ ከፈተና ወጣ።

የሚያሳዝነው ደግሞ አብዛኛው ሰው እጁ ላይ ረጭቶ አንጓውን ከአንጓው ማፋተጉ ነው። «ሞለኪዩሉ ይሰበራል» የሚሉት ተረት ነው፤ ምንም አይሰበርም። ግን ቆዳው ይሞቃል፣ ሽቶው ይሰራጫል፣ የላይኛው ኖታ በፍጥነት ይተናል። አንተ ሃያ ደቂቃ ብቻ ያለህን ነገር በሦስት ደቂቃ ትጨርሰዋለህ ማለት ነው።

መራራ ቅጠል (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05)

አፋትጋለሁ። ለአሥራ አምስት ዓመት አፋትጌአለሁ።

አፍንጫዬ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30)

እኔ ሴት ነኝ፣ ፖሎ እቀባለሁ፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። «ሽቶሽ ምንድን ነው?» ያሉኝ ሁሉ ስሙን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ይለዋወጣል። ያችን ፊት ለማየት ብቻም እቀባዋለሁ።

ምክሬ ይህ ነው፦ ቆዳ ላይ አትርጨው። ቆዳ ይሞቃል፣ ያልባል፣ ቅባት አለው። የሱፍ ሻርፕ ላይ ከክንድ ርቀት አንድ ጊዜ ብቻ ርጨው፣ ከዚያ አጣጥፈህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። በማግስቱ ስትገልጠው ከእጥፋቱ ውስጥ ምሬቱ እንዳለ ይወጣል። ከቤት ስወጣ አንገቴ ላይ ስጠመጥመው አንድ ጊዜ፣ ስመለስ ስፈታው ሌላ ጊዜ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አገኘዋለሁ። በብርድ ወራት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል።

ጥያቄ አለኝ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡00)

የአፍንጫዬን ምክር ሰምቼ ጨርቅ ላይ ረጨሁ። ጨርቁ ነጭ ሸሚዝ ነበር። ሽቶው አረንጓዴ ነበር። አንገትጌዬ ላይ የሳንቲም ክብ የሚያህል አረንጓዴ ማኅተም ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ሁሉም ግን ሲያዩት አየሁ።

አፍንጫዬ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡12)

ወይኔ ወንድሜ! ሱፍ አልኩ፣ ጥቁር ሱፍ። ጥቁር የሚለውን መጻፍ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ በንጹሕ አልኮል ንካ ንካ አድርገው፣ አትሸው፤ ከዚያ እጠበው።

የመድረኩ አስተናባሪ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00)

አንድ መልስ አንስቻለሁ። በዚህ ክፍል የሽያጭ ማስታወቂያ አይለጠፍም። ወደ አሪቲው ተመለሱ።

ሐምራዊ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15)

ቤተ ሙከራ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። ሁለተኛውን ግን ጋሼ በፋሽን ብቻ ዘጉት። እኔ ፋሽን ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ድሮ የማውቀውን አንድ ሽቶ ባለፈው ዓመት አዲስ ጠርሙስ ገዝቼ ከአሮጌው ጭላጭ ጋር አወዳደርኩት። ስሙ ያው፣ ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙ ያው። አዲሱ ግን ወለሉ የተነቀለ ቤት ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው አለ፣ የምትቆሚበት የለም። ቅጠሉ ይመጣል፣ የሚያርፍበት ያጣል፣ ይበናል።

ቤተ ሙከራ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20)

ሐምራዊ ልክ ነሽ፣ ወለሉ በእርግጥ ተነቅሏል። ኦክሞስ የሚባለው የዛፍ ሽበት በተፈጥሮው አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የተባሉ ሁለት ነገሮች አሉበት፤ ቆዳ ላይ ጠንካራ አለርጂ ያስነሣሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደንብ ሁለቱን ከለከለ፤ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ አዲስ ምርት እንዳይገባ፣ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ደግሞ አሮጌው ክምችትም መደርደሪያ ላይ እንዳይገኝ። አሁን ቀማሚዎች የሚሠሩት ሁለቱ ነገሮች ተለይተው በወጡለት ኦክሞስ ወይም በሰው ሠራሽ ምትክ ነው። አንዳንዱ ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል።

ክልከላውን አልቃወምም። አንገቷ የቆሳሰለ ሴት ያየ ሰው አይቃወምም። ነገር ግን አሪቲና ኦክሞስ ባልና ሚስት ነበሩ። አንዱ ቀዝቃዛና ተናኝ፣ አንዱ እርጥብና ከባድ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ጥላውን ይዞ ይቀር ነበር። ያ ምሬት ለሰዓታት የቆየ የሚመስለው በእሱ ምክንያት ነው። አሪቲው ራሱ አልነበረም፣ ኦክሞሱ ምሬቱን ሲያስታውስ ነበር።

ለዚህ ክር የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸተው ያ ሞቅ ያለ፣ ደረቅ፣ እንጨትማ ነገር አምብሮክሳን ይባላል። ከምን ይሠራል? ከክላሪ ሴጅ በሚወጣ ስክላሪዮል ከሚባል ንጥረ ነገር። ክላሪ ሴጅ ቅጠል ነው! ስለዚህ ቅጠሉ ከወንዶች ሽቶ አልወጣም፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ልብስ ቀይሮ ወጣ።

ንጹሕ ሸሚዝ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡31)

ማለት እኔም ሳላውቀው ቅጠል ስቀባ ኖሬአለሁ?

ቤተ ሙከራ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33)

አዎ።

አሮጌ ጠርሙስ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00)

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ።

መራራ ቅጠል፣ አንድ ሥራ ልስጥህ። «አሪቲ እወዳለሁ» ትላለህ፤ ትወድ ይሆናል። ነገር ግን አምራቾቹ የሚዘረዝሩት የኖታ ዝርዝር ለሻጭ የተጻፈ ግጥም እንጂ ቅመሙ አይደለም። ቅመሙን አይነግሩህም። እኔ በወጣትነቴ በዝርዝር አምኜ ለዓመታት ስምል የኖርኩበት «ሰንደል» ሰንደል አልነበረም። እና ዓይንህን ዝጋ። ሌላ ሰው ወረቀት ላይ ይርጭልህ፣ ቁጥር ይጻፍበት፣ አንተ አሽትተህ አሪቲው የትኛው ላይ እንደሚበረታ ንገረን። ዝርዝሩን ሳይሆን አፍንጫህን እንስማ።

መራራ ቅጠል (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

ተቀብያለሁ ጋሼ። ነገ ማታ።

መራራ ቅጠል (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡20)

ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመጻፌ በፊት ትንሽ አፍሬ ተቀምጬ ነበር።

እንዲህ አደረግን። ወንድሜ አራት የመሞከሪያ ወረቀት ቆረጠ፣ በእርሳስ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ጻፈባቸው፣ እኔ ሌላ ክፍል ሳለሁ እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ረጨ። አራሚስ፣ ፖሎ፣ ድራካር ኗርና ሐምራዊን ለማስደሰት ብሎ ከመደርደሪያዬ ጥግ ያወጣው አራተኛ ሽቶ። የልብስ መስቀያ ላይ በመቆንጠጫ አንጠለጠላቸው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ በመካከላቸው እጅ እጅ የሚያህል ቦታ ተወ። አልኮሉ እንዲወጣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን።

በመጀመሪያው ዙር ቁጥር 1 ቆዳ ቆዳ አለኝ፤ አራሚስ ነው አልኩ፣ ትክክል ነበርኩ። ቁጥር 4 የልብስ ሳሙናው ቀድሞ መጣ፤ ድራካር ኗር፣ እሱም ትክክል። ቁጥር 3 ላይ ጥዱና ትምባሆው ፖሎን አሳበቁ። እስከዚህ ድረስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከዚያ ወንድሜ «ስሙን ተወው፤ አሪቲው የበረታው የትኛው ላይ ነው?» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አራቱንም ደጋገምኩ። አልተጠራጠርኩም። ቁጥር 2 አልኩ። ያ ቅዝቃዜ፣ ያ አፍንጫ የሚገፋ ነገር፣ ከኋላው የሚመጣው ደረቅ ግራጫ ቅጠል። «አሪቲ ማለት ይኸውልህ!» ብዬ ጮህኩ።

ቁጥር 2 ፓኮ ራባን ፑር ኦም ነው። ዣን ማርቴል በ1973 የሠራው። በሚዘረዝሩለት ኖታዎች ውስጥ አሪቲ የለም። ሮዝመሪ አለ፣ ክላሪ ሴጅ አለ፣ ላቬንደር አለ። ወንድሜ ሶፋው ላይ ወድቆ ሳቀ።

ነገሩን አላምን ብዬ አንድ ሌላ ነገር አደረግሁ። የደረቀ የአሪቲ ቅጠል ነበረኝ፤ መዳፌ ላይ ፈትጌ ከአራቱ ወረቀቶች ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁት። ቅጠሉ ከሁሉም ይለሰልሳል! ከምሬቱ በታች ማር ልበለው ድርቆሽ፣ የሆነ ጣፋጭነት አለው፤ እኔ ለዓመታት ያላስተዋልኩት። አራሚስ ውስጥ የምወደው ግን ያ አይደለም። የምወደው ምሬቱ ከቆዳው ጋር ሲጣላ ያለውን ነው።

ወረቀቶቹን አልጣልኳቸውም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥር 4 ወደ ሳሙናነት ገባ። ቁጥር 2 ማርና ትምባሆ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ ወርጄ በቀጥታ ወደ መስቀያው ሄድኩ፤ ከአራቱ ምሬት ያደረበት አንዱ ብቻ ነበር፣ ቁጥር 1። ቤተ ሙከራ እንዳልሽው ነው፤ ቅጠሉ የለም፣ የሚያስታውሰው ግን አለ።

ሐምራዊ (ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡31)

ላቬንደር! ላቬንደር! ላቬንደር! የክሩ ርዕስ ይቀየርልኝ።

ቤተ ሙከራ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡40)

ሐምራዊ፣ ገና አትጨፍሪ። ያዙልኝ ያልኩትን ነገር ያዛችሁት አላችሁ? ቱጆንና ካምፎር፣ በቁጥር አንድ፣ በአደራደር የተለያዩ። ሮዝመሪ ካምፎር አለበት፣ ሲኒዮል የሚባለው የባሕር ዛፍ ጠረንም አለበት። ክላሪ ሴጅ ደረቁንና አመድማውን ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ አሪቲ ሳይኖር አሪቲ ይሰማል። መራራ ቅጠል፣ አፍንጫህ አልዋሸህም። የነገረህ ጠባዩን ነው፣ ስሙን የጨመርክበት አንተ ነህ። ቀማሚዎችም ቢሆኑ የሚሠሩት እንደዚሁ ነው፤ አንድን ቅጠል ለማሰማት ሌሎች ሦስት ቅጠሎች ይጠራሉ።

ቅጠሉን ራሱን ማስተያየትህን ግን ወድጄዋለሁ። ያ ከምሬቱ በታች ያገኘኸው ጣፋጭነት አለ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሽቶ ቤቶቹ ብዙም አይነኩትም።

ንጹሕ ሸሚዝ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡00)

ወንድሜን ጠርሙሱን መልስልኝ አልኩት። «የሰጠኸኝን?» አለኝ። አዎ አልኩት። አልመልስም አለ።

አሮጌ ጠርሙስ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡45)

መራራ ቅጠል፣ አታፍርበት። ከአራቱ ሦስቱን በስማቸው ለይተሃል፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት ብለይ ጎበዝ ነኝ። አሁን ምን ልትቀባ ነው?

መራራ ቅጠል (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10)

አራሚስን ጥቁር ሻርፕ ላይ፣ ፓኮ ራባንን ቆዳዬ ላይ፣ ሳላፋትግ። ቁጥር 1 ወረቀትን የማነበው መጽሐፍ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ገና አርባ ሰባተኛው ገጽ ላይ ነኝ፤ ቶሎ የምጨርሰው አይመስለኝም።

ጥያቄ አለኝ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25)

ሸሚዙ ለቋል። ሻርፕ ገዛሁ፣ ጥቁር።